እንግዳ መሆንን እንማር



እንግዳን ስለ መቀበል ብዙ ሰብከናል፤ ብዙም ሰምተናል። አብርሃም በመምሬ ሦስቱን እንግዶች እንዴት እንዳስተናገደ (ዘፍ. 18)፣ የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ እንዴት እንዳሳሰበ (ዕብ. 13፥2) የሰንበት ትምህርት ልጆቻችን እንኳ ያውቃሉ። ስለ ሌላኛው ወገን ግን፣ ማለትም እንግዳ ሆኖ ስለ መቀመጥ፣ የሌላውን ውኃ ስለ መጠጣትና ባለ ዕዳ ሆኖ ስለ መመለስ፣ እምብዛም አንናገርም። በጅግጅጋና በዙሪያዋ ያለን አማኞች መስጠት ይቀለናል፤ መቀበል ይከብደናል። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ አስቀድሞ መቀበልን አስተማራቸው። ይህንን በደንብ ለማየት አንድ ያልተጠበቀ አስተማሪ እንጥራ፤ ተራራ ለተራራ በብስክሌት የሚጓዝ መንገደኛ።

ያለ ሰው የማይደረስበት መንገድ

አልፎ አልፎ ከሐርጌሳ ተነስተው በቶጎ ውጫሌ የሚገቡ፣ ወይም ከአዲስ አበባ በድሬዳዋና በሐረር በኩል የሚመጡ ብስክሌተኞች በከተማችን ያልፋሉ። ከድሬዳዋ ወደ ጅግጅጋ የሚመጣውን እናስብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከከተማው እንደ ወጣ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ይጠማዘዛል፤ ብስክሌተኛው ሐረማያ ሲደርስ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በአወዳይ የጫት ገበያ አልፎ ሐረር ይገባል። ከዚያ እስከ ጅግጅጋ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። የኦቾሎኒ አገር የሆነችውን ባቢሌን ያልፍና አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ለመውደቅ የተቃረበ መስሎ ወደሚታይበት ወደ ዳካታ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጥላው ያንሳል። ፋፈንን ካለፈ በኋላ ካራማራ ይጠብቀዋል።

ካራማራን ብዙዎቻችን የምናውቀው በጦርነት ነው። በየካቲት 1970 ዓ.ም. በዚያ የተደረገው ውጊያ በየዓመቱ ሲዘከር እንሰማለን። ብስክሌተኛው ግን ካራማራን የሚያውቀው በላቡ ነው። ለጫት መኪና መንገድ እየለቀቀ፣ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ከእግረኛ ብዙም ሳይፈጥን ወደ ላይ ይገፋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ መሄድ አይችልም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ፔዳል የሚመታ ሰው አምስትና ስድስት ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ያን ሁሉ ከድንኳኑ፣ ከስንቁና ከመፍቻዎቹ ጋር ጭኖ ዳገት መውጣት አይሞከርም። ጎማው ቢፈነዳ ጎሚስታ ያስፈልገዋል። ቢመሽበት ማደሪያ፣ ቢታመም የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል። ገንዘብ በኪሱ ቢኖርም እንኳ ሱቅ በሌለበት ቦታ ብር ውኃ አይሆንም። ስለዚህ ጉዞውን ሲጀምር ስሙን በማያውቀው ሰው ደግነት ላይ ተማምኖ ነው።

ያ ሰው ማን ነው? በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ሶማሌ ነው። ግመል የሚጠብቅ ልጅ ይሆናል፤ በመንገድ ዳር በወተት የተፈላ ሻይ የምትሸጥ እናት ትሆናለች፤ አይሱዙውን አቁሞ ጀሪካን የሚያወርድ ሹፌር ይሆናል። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ በመስጊድ አጠገብ የደረሰ መንገደኛ ተምርና ውኃ ሳይቀርብለት አያልፍም። ሶማሌዎች እንግዳን ሲቀበሉ «ሶ ደወው» ይላሉ፤ «ቅረብ» እንደ ማለት ነው። የእኛው «ቤት ለእንግዳ» ወንድም ነው።

ይህ ቸርነት ዋጋ እንዳለው አንርሳ። በክልላችን ገጠር ብዙ ሰው የሚጠጣው ከቢርካ ነው፤ ቢርካም የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ብዙ ክፍል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከብት ሲያልቅና ውኃ በቦቴ ሲመላለስ አይተናል። በዚህ ምድር ለማያውቁት ሰው አንድ ኩባያ ውኃ መስጠት ከትርፍ መስጠት አይደለም። ጌታ ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ሲናገር (ማቴ. 10፥42) እንዲህ ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው ነበር።

አባንና አመስጋኝ ያልሆነው እንግዳ

እንግዳን መጠበቅ በሶማሌ ዘንድ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ጥንት በዚህ ምድር የሚያልፍ ነጋዴ ወይም መንገደኛ «አባን» ያስፈልገው ነበር። አባን ማለት እንግዳውን በስሙና በጎሳው ክብር የሚጠብቅ ሰው ነው። እንግዳውን የነካ አባኑን ነካ፤ አባኑን የነካም ጎሳውን ነካ ማለት ነበር። አባኑ ለዚህ ስጦታና ክፍያ ስለሚቀበል ሥርዓቱ ንጹሕ ምጽዋት ነበር አንልም። ቢሆንም የባዕዱን ሕይወት በራስ ክብር ማስያዝ ትልቅ ነገር ነው።

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1854 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ፣ የዛሬውን ክልላችንን ሰሜናዊ ሜዳ አቋርጦ፣ በጥር 1855 ሐረር የገባው በዚህ ሥርዓት ጥበቃ ነው። በሕይወት ደረሰ፤ በሕይወትም ተመለሰ። ይሁን እንጂ በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ ስለነዚህ ሰዎች የጻፈው በብዙ ቦታ ንቀት የተሞላ ነው። ወተታቸውን ጠጥቶ፣ በጥላቸው አድሮ፣ ከላይ ሆኖ ተመለከታቸው። ወገኖች፣ የበርተን ኃጢአት የእርሱ ብቻ እንዳይመስለን። መቀበል ብቻውን ልብን አያቀናም። የተቀበለ ሰው ስለ ሰጪው ምን እንደሚናገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

በሉቃስ ወንጌል የተሰመረው መንገድ

ሉቃስ 9ን እና 10ን ሳናቋርጥ ብናነብ አንድ ነገር እናስተውላለን። በምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም አለ፤ ያዕቆብና ዮሐንስም እሳት ከሰማይ ይውረድባቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ጌታ ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ወዲያው በምዕራፍ 10 ሰባውን ላከ። ኮረጆም፣ ከረጢትም፣ ጫማም እንዳይዙ አዘዛቸው። በተቀበሏቸው ቤት እንዲቀመጡና ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ ነገራቸው። ከዚያም ድውዮችን እንዲፈውሱና የእግዚአብሔር መንግሥት እንደቀረበች እንዲናገሩ አዘዘ (ሉቃ. 10፥1-9)። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ መጀመሪያ ማዕድ፣ ቀጥሎ ፈውስ፣ ቀጥሎ ስብከት። መልእክተኛው የሰውን ደጃፍ ሲረግጥ ራሱ የሚያስፈልገው ነገር ያለው፣ የተራበ ሰው ነበር።

በዚያው ምዕራፍ የሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጌታ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ታሪክ ነገረው። አዋቂው የጠየቀው ማንን መርዳት እንዳለበት ነበር። ጌታ ግን ጥያቄውን ገልብጦ በመንገድ ዳር ከወደቀው ሰው ጎን አስተኛው። ከዚያ ሆኖ ሲያይ ባልንጀራው ማን ሆነ? ሳምራዊው። ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ሳምራውያን ደጃቸውን ዘግተውበታል። ጌታ ስለ አንድ የተዘጋ በር ብሎ የሳምራዊን ደግነት ከመናገር አልተከለከለም። በሲካርም ጉድጓድ አጠገብ ንግግሩን የጀመረው አንዲትን ሳምራዊት ውኃ በመለመን ነው (ዮሐ. 4፥7)። የሕይወትን ውኃ የሚሰጠው ጌታ አስቀድሞ ጠማኝ አለ።

ኤልያስንም እናስብ። ከአክዓብ ፊት የሸሸው ነቢይ የተላከው ወደ ሰራፕታ፣ ወደ ሲዶና ምድር ነው (1ነገ. 17)። ሲዶና የኤልዛቤል የአባቷ አገር ናት። እግዚአብሔር ባሪያውን ያስመገበው ነቢያትን ታሳድድ ከነበረችው ንግሥት አገር በወጣች፣ ለራሷ አንድ እፍኝ ዱቄት በቀረላት መበለት እጅ ነው። ጌታ ይህን ታሪክ በናዝሬት ምኵራብ ሲያነሳ ሕዝቡ ተቆጥቶ ከገደል ሊጥለው ወሰደው (ሉቃ. 4፥25-29)። በሌላው ሕዝብ መካከል ስላለው ደግነት መስማት ያኔም ከባድ ነበር።

እኛስ እንዴት እንጓዛለን?

ለወንጌል ሥራ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ አውበሬ ወይም ወደ ሺኒሌ ስንወጣ ብዙ ጊዜ መስኮቱ በተዘጋ ላንድክሩዘር ነው። ምሳችንን በዕቃ፣ ውኃችንን በሃይላንድ ይዘን እንሄዳለን። የያዝነውን እርዳታ እናከፋፍላለን፤ ፎቶ እንነሳለን፤ ሳይመሽ እንመለሳለን። እርዳታው መልካም ነው፤ በድርቁ ጊዜ ነፍስ አድኗል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ሰጪ የሆነ ሰው ከሌላው ምንም እንደማያስፈልገው ይናገራል፤ በቃሉ ባይለው በአካሄዱ ይለዋል። ሻይ ሲቀርብልን «አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ» ብለን የምናልፈው ሰው እኛን የማክበር ዕድል ይነፈጋል። ከብስክሌተኛው ያነስነው በዚህ ነው። እርሱ ስለሚጠማ ይቆማል፤ ስለሚቆም ሰው ያውቃል።

የክልሉ ሕዝብ ደግሞ እንግዳን በአንድ ኩባያ ውኃ ብቻ የሚያውቅ አይደለም። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀብሪበያህ፣ ኋላም በአውበሬና በሸደር ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ውኃውንም፣ የማገዶ እንጨቱንም፣ የግጦሽ መሬቱንም የተካፈላቸው ራሱ ብዙ የሌለው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ከዚህ ሕዝብ የምንማረው ነገር አለን።

አሁን ከባዱን ነገር እንናገር። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ የሆነውን የማያስታውስ አማኝ የለም። ሰዎች ተገድለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ብዙዎች ንብረታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ይህ እንዲረሳ አንጠይቅም። ያለቀሰ ሰው እንባው ይታሰብለት፤ ፍትሕም ይፈለግ። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ፣ በራቸው ላይ ቆመው የመጣውን የመለሱ ሶማሌዎችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የአባንን ሥራ ሠሩ፤ የባዕዱን ሕይወት በራሳቸው ክብርና በራሳቸው አደጋ አስያዙ። በምስክርነት ጊዜ ስለ እሳቱ ስንት ጊዜ ተናገርን? ስለ ተከፈተው በርስ? ጌታ አዳነኝ ብለን እናመሰግናለን፤ መልካም ነው። ጌታ በማን ቤት እንዳዳነን ግን እንዘለዋለን። ኤልያስ በሰራፕታ መበለት ቤት መብላቱ ባይነገር ኖሮ ምስክርነቱ ጎደሎ ይሆን ነበር፤ የእኛም እንዲሁ ነው።

«ይህ ወንጌልን አያለሳልስም ወይ?»

ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ወገኖች ቅን ናቸው፤ መልስም ይገባቸዋል። ሰው በደግነቱ እንደማይድን እናምናለን። መዳን በክርስቶስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን እምነት ይዞ የሌላውን ቸርነት ለመመስከር አያፍርም። ጳውሎስና ከእርሱ ጋር በመርከብ የነበሩት፣ በድምሩ 276 ሰዎች፣ ከባሕር ወጥተው መላጥያ ሲደርሱ የደሴቱ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ሉቃስ ይህን ያልተለመደ ደግነት ብሎ ጻፈው (ሐዋ. 27፥37፤ 28፥2)። እነዚያ ሰዎች ወንጌልን ገና አልሰሙም ነበር። ጳውሎስ ስለ ፑፕልዮስ አባት የጸለየውም በቤቱ ከተስተናገደ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሚያፈስሰው ጸጋ አለ፤ ዝናቡን ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም ያዘንባል። ያን ጸጋ በጎረቤታችን እጅ ስናየው አይተናል ማለት ሐሰተኛ ምስክር ላለመሆን ነው።

ሌላው ጥያቄ የደኅንነት ነው። መንገድ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ ሰውም ሁሉ ደግ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ፣ በ1966 መጨረሻ ወደ አገራችን መጥታ የሰሜንን ተራሮች በእግሯ፣ በቅሎ እየሳበች አቋርጣለች። ወንበዴም አጋጥሟታል፤ ያሳደሯትና ያበሏት ድሆችም አጋጥመዋታል። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደውም መንገድ ወንበዴዎችና ሳምራዊው በአንድ ታሪክ ውስጥ ናቸው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን በተኩላ መካከል እንደሚልካቸው ነግሯቸው ነው ያለ ከረጢት የላካቸው (ሉቃ. 10፥3-4)። ስለዚህ መንገዱን እንጠይቅ፤ የአገር ሽማግሌ እናማክር፤ ሳይመሽ እንግባ። ጥንቃቄ ግን ሁሉን ሰው ወንበዴ አድርጎ ማየት አይደለም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቀረበልንን እንቀበል። ጎረቤታችን ለኢድ ሲጠራን እንሂድ፤ ሻዩን ቁጭ ብለን እንጠጣ፤ ስሙንና የልጆቹን ስም እንወቅ። በማዕዱ ላይ በሕሊናችን የማይሆን ነገር ቢኖር በትሕትና እንናገር፤ ሶማሌ እንግዳውን አያስገድድም። ወጣቶቻችንም ለአገልግሎት ሲወጡ አንዳንዴ በእግር ወይም በብስክሌት ይሂዱ። የሚጠማ አገልጋይ ከሚያጠጣ አገልጋይ እኩል ያስፈልገናል።

ሁለተኛ፣ የተቀበልነውን በጉባኤ እንመስክር። በ2010 ዓ.ም. ያስጠለሏችሁ ሰዎች ካሉ፣ ለእነርሱ አደጋ የማያመጣ ከሆነ፣ ሄዳችሁ አመስግኗቸው። ልጆቻችሁንም ውሰዱ። ልጆች ስለ ጎረቤታቸው የሚሰሙት ታሪክ የሚቃጠል ብቻ ከሆነ ሲያድጉ የያዕቆብንና የዮሐንስን ጸሎት ይጸልያሉ።

ሦስተኛ፣ ለመንገደኛ ራሳችን አባን እንሁን። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዘው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በዓባይ በረሃ በኩል አልፏል። ተጓዦቹ ስለ አገራችን ሰው ደግነት ይናገራሉ፤ ከዚያው ጋር ግን ልጆች ስለሚወረውሩባቸው ድንጋይም ይናገራሉ። መስቀልና ወንጌል ለዘመናት በኖሩበት ምድር የእንግዳ ሰው ጀርባ በድንጋይ መመታቱ ሊያሳፍረን ይገባል። በሰንበት ትምህርት ክፍላችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ስናስተምር በመንገድ ስለሚያልፈው ብስክሌተኛም እንጨምር። ድንጋይ ለሚያነሳ እጅ የውኃ ኩባያ እንስጠው።

አራተኛ፣ ቸርነትን መደለያ አናድርገው። ዳቦ ሰጥተን ጆሮ የምንገዛ ከሆነ ነጋዴዎች ነን። ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነት እንመልስ (1ጴጥ. 3፥15)፤ የራበውን ግን ስለራበው እናብላው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ አባቶች የሚያውቁት አንድ ጥንታዊ ታሪክ አለ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ሲመጡ የአክሱሙ ክርስቲያን ንጉሥ አስጠለላቸው፤ አሳልፎም አልሰጣቸውም። ያ ንጉሥ ወደ ደጁ የመጣን ስደተኛ ተቀበለ። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችን በሶማሌ ወንድሞቻችን ደጅ እንኖራለን። የዚያን ንጉሥ ታሪክ በአክብሮት የሚያነሳ ጎረቤት ያለን ሰዎች፣ የእርሱን ደግነት ደግሞ በአክብሮት እንድናነሳ ይጠበቅብናል።

እምነትን በመፈለግ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም አላችሁ። እኛ የምናመልከው ጌታ በዚህ ምድር ሲመላለስ ራሱን የሚያስጠጋበት አልነበረውም (ሉቃ. 9፥58)። በሰው ጀልባ ተቀመጠ፤ በሰው አህያ ተቀመጠ፤ በሰው መቃብር ተቀበረ። ሁሉን የፈጠረው እንግዳ ሆኖ መጣ፤ የሰውንም እጅ አላፈረበትም። እርሱን ለማወቅ የምትፈልጉ ከዚህ ትሕትናው ጀምሩ።

እግዚአብሔር መንገደኛውን ሁሉ በመንገዱ ይጠብቅ፤ ውኃ ለሰጡትም እጆች ዝናቡን ይስጥ። ለእኛም የሚቀበልና የሚያመሰግን ልብ ይስጠን። አሜን።